አርቱሪ ቪርታነን ፤ የከብት መኖን በቁጥር የመረመረው ሊቅ

የኖቤል ሽልማት ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የአቶምን ምርምር፣ አዲስ መድኃኒትን ወይም ያንድ ታላቅ ደራሲን ስም ነው። ላም በብርድ ወራት የምትበላው ሣር እንዳይበሰብስ ያደረገ ሰው ይህን ሽልማት አገኘ ቢባል የሚያምን ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. የኬሚስትሪው ሽልማት የተሰጠው በእርሻና በምግብ ኬሚስትሪ ላይ ስላደረገው ምርምር፣ ይልቁንም የከብት መኖ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ስላገኘ አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታነን ለተባለው ፊንላንዳዊ ሊቅ ነበር። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ያለፈው የ1944 ሽልማት የዩራኒየምን አቶም መከፈል ላገኘው ለጀርመናዊው ኦቶ ሐን መሰጠቱ ተነገረ። አቶምና የላም መኖ በአንድ ሰሞን ተሸለሙ ማለት ነው።

የቪርታነንን የሕይወት ታሪክ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ማቅረብ የወደድነው ግን ስለ ሽልማቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው በዓይን የማይታየውን የመኖ መበስበስ በቁጥር የሚለካ አደረገው፤ የትኛው ቁጥር እውነቱን እንደሚናገር፣ የትኛውም ሰውን እንደሚያታልል ለመለየት ብዙ ደከመ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪርታነን ጃንዋሪ 15 ቀን 1895 በሔልሲንኪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ነጂ ነበር። ፊንላንድ በዚያ ዘመን በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ልጁ ከመወለዱ ሠላሳ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ፣ ከ1866 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ ውርጭ እህሉን በማሳው ላይ እያለ ስላቃጠለው በአገሩ ላይ ከባድ ረሀብ ወርዶ ከመቶ ሰው ስምንት ያህሉን ፈጅቶ ነበር። እንግዲህ ቪርታነን ያደገው ይህን መከራ በዓይናቸው ካዩ ሽማግሌዎች መካከል ነው። ምግብ ማቆየት በዚያ አገር የቀልድ ነገር አልነበረም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በምሥራቅ በኩል ባለችው በቪፑሪ ከተማ ከተማረ በኋላ ወደ ሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና ፊዚክስን አጠና። በ1916 የማስተርነት፣ በ1919 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በመካከሉ አገሩ በ1917 መጨረሻ ነጻነቷን አወጀች፤ በ1918 ደግሞ የርስ በርስ ጦርነት ገባች። ወጣቱ ትምህርቱን የጨረሰው በዚህ ሁከት ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ዕውቀቱን ለማስፋት በ1920 ወደ ዙሪክ፣ በ1921 ወደ ስቶክሆልም ሄደ፤ ከ1923 እስከ 1924 እንደ ገና በስቶክሆልም ተቀምጦ በኋላ ራሱ የኖቤል ተሸላሚ ከሆነው ከሐንስ ፎን ኦይለር ዘንድ ስለ ኤንዛይም ተማረ። በዙሪክ ፊዚካል ኬሚስትሪን፣ በስቶክሆልም ባክቴሪያንና ኤንዛይምን ማጥናቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስቱም በኋላ በአንድ የሣር ጉድጓድ ውስጥ ይገናኛሉ።

በ1920 ሊልያ ሞይስዮ የምትባለውን ወጣት አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች አፈራ።

አሁን ብዙ ወጣት ሊያስተውለው ወደሚገባ ነገር እንመጣለን። ቪርታነን ዶክተር በተባለበት በ1919 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሳይሆን ቫሊዮ በተባለው የወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቫሊዮ በ1905 የተቋቋመ፣ የገበሬዎችን ቅቤ አሰባስቦ ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ማኅበር ነበር። አንድ ዶክተር ቅቤ ሲያሸት መዋል ምን ይጠቅመዋል ብለው ያዘኑለት ሰዎች ሳይኖሩ አልቀሩም ይሆናል። እርሱ ግን በ1921 የዚያው ላቦራቶሪ ኀላፊ ሆነ፤ ዐሥር ዓመትም እዚያው ሠራ። ማኅበሩ የሚፈልገው ደረቅ የሆነ የሊቅ ጽሑፍ ሳይሆን ለገበያ ችግር መፍትሔ ነበር፤ ሊቁም ያን ችግር ወደ ንጹሕ የሳይንስ ጥያቄ እየለወጠ ይመረምረው ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ቅቤው ነበር። በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር የሚላከው የፊንላንድ ቅቤ በመንገድና በመጋዘን ሲቆይ ጣዕሙ ይበላሻል። ቪርታነን መበላሸቱ ከቅቤው ኮምጣጣነት ጋራ የተያያዘ መሆኑን ስላወቀ፣ ኮምጣጣነቱን የሚያለዝብ የፎስፌት ጨው በጥቂቱ እንዲጨመርበት አደረገ። ይህ ጨው በስሙ መነሻ ፊደላት አ.ኢ.ቪ. ጨው ተባለ። ቅቤውም ሳይበላሽ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለቪርታነን ትልቅ ትምህርት ሆነው፤ አንድ ምግብ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የኮምጣጣነቱ ልክ መሆኑን አየ። በቅቤው ኮምጣጣነቱን ማብረድ አስፈልጎ ነበር፤ በመኖው ግን ተቃራኒው ያስፈልግ ኖሯል።

የፊንላንድ የብርድ ወራት ከኛ ክረምት ጋራ ስሙ እንኳ አይመሳሰልም። በኛ አገር ክረምት ማለት ሣር የሚለመልምበት፣ ላሟም የምትታለብበት ጊዜ ነው። በዚያ ግን ምድሪቱ በበረዶ ትሸፈንና ከብቱ ሰባትና ስምንት ወር በበረት ተዘግቶ ይቀለባል። ገበሬው በአጭሩ በጋ ያጨደውን ሣር ድርቆሽ አድርጎ ያቆያል፤ ድርቆሽ ግን ዝናብ ሲመታው ፕሮቲኑን ያጣል፣ ፀሐይም ሲያቃጥለው ቅቤን ቢጫ የሚያደርገው ካሮቲን ከውስጡ ይጠፋል። ስለዚህ የፕሮቲኑን ጉድለት ለመሙላት ፋጉሎና ሌላም የተመረጠ መኖ ከውጭ አገር መግዛት ግድ ነበር። ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ የሌለው ላሟ ስትከሳና ወተቷ ሲነጥፍ ያያል። በጦርነት ወይም በሌላ ምክንያት መርከብ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ባለጠጋውም ድኻውም እኩል ይሆናሉ።

ሌላው መንገድ ሣሩን እንዳለ በእርጥቡ በጉድጓድ ወይም በጎተራ ጠቅጥቆ፣ አየር እንዳይገባው ከድኖ ማቆየት ነው። ይህን ፈረንጆች ሳይሌጅ፣ የኛ የእርሻ ባለሙያዎች ገፈራ ይሉታል። ሥራው ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የእንሰት አገር ሰው ቆጮውን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ በጉድጓድ ሲቀብር የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። አየር በሌለበት ስፍራ እርጎን የሚያኮመጥጡትን የመሰሉ ባክቴሪያዎች የተክሉን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም በበቂ መጠን ሲከማች ሌላውን አጥፊ ሁሉ ያግዳል። እንዲህ ሲሆን ገፈራው ደስ የሚል የኮምጣጤ ሽታ ይኖረዋል።

ችግሩ ሁልጊዜ እንዲህ አለመሆኑ ነው። የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም፤ ሕዋሳቱ ለጥቂት ጊዜ እየተነፈሱ ስኳሩን ያቃጥሉታል፤ ክምሩም ይሞቃል። የተክሉ የራሱ ኤንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል። አሲዱ ቶሎ ካልተከማቸ ከአፈር ጋራ የገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይነሡና ላክቲኩን አሲድ ራሱን በልተው ቡቲሪክ አሲድ የሚባለውን፣ የከረመ ቅቤ ሽታ ያለውን ነገር ይሠራሉ፤ ፕሮቲኑንም አፈራርሰው ወደ አሞኒያ ያደርሱታል። ይህ ክፉ ዕድል አብዝቶ የሚደርሰው ደግሞ ገበሬው ከሁሉ በሚመኘው መኖ ላይ ነው። ማገጥና አልፋልፋን የመሰሉት የጥራጥሬ ወገን ተክሎች ፕሮቲናቸው ብዙ፣ ስኳራቸው ጥቂት ነው፤ የሚፈጠረውንም አሲድ እንደ ስፖንጅ እየዋጡ ኃይሉን ያደክሙታል። ስለዚህ ምርጡ መኖ ለመበስበስ የመጀመሪያው ይሆናል።

ቪርታነን ከ1925 ጀምሮ የተያያዘው ይህን ጥያቄ ነበር። እርሱ ሥራውን ሲጀምር በእጁ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ ሁለቱም የተገኙት በኮፐንሐገን ከተማ በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ መሆኑ ለማስታወስ ያህል ይነገር። አንደኛው በ1883 ዮሐን ኬልዳል ያወጣው የናይትሮጅን መለኪያ ዘዴ ነው። ናሙናው በብርቱ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው ተንጠርቦ ይለካል። በፕሮቲን ውስጥ ከመቶ ዐሥራ ስድስት ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ የተገኘውን ቁጥር በ6.25 አባዝቶ የፕሮቲኑን መጠን መገመት ይቻላል። ሁለተኛው በ1909 ሶረንሰን ያወጣው የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ማለት ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ፒ ኤች ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል፤ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት ዐሥር እጥፍ መኮምጠጥ ማለት ነው። ፒ ኤች 4 የሆነ ገፈራና ፒ ኤች 5 የሆነ ገፈራ በወረቀት ላይ ጎረቤት ቢመስሉም በመካከላቸው የዐሥር እጥፍ ልዩነት አለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ነውና። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ሲያይ ልቡ ይረጋል። ከላቦራቶሪ የመጣ ከሆነማ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን የኬልዳል ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅንን እንጂ ፕሮቲንን አይደለም። ጥሩው ገፈራና የበሰበሰው ገፈራ በዚህ ዘዴ ብቻ ቢመረመሩ ሁለቱም ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ የበሰበሰው ፕሮቲን ወደ አሞኒያ ቢለወጥም ናይትሮጅኑ እዚያው አለና። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ላሟ ግን ትራባለች። ስለዚህ ገፈራን በእውነት ለመመርመር ከጠቅላላው ናይትሮጅን ውስጥ ምን ያህሉ አሞኒያ እንደ ሆነ ለብቻው መለካት፣ ቡቲሪክ አሲድ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ፒ ኤቹንም መያዝ ያስፈልጋል። በዛሬው ልማድ ከጠቅላላው ናይትሮጅን ከመቶ ዐሥር የማይሞላው አሞኒያ የሆነ እንደ ሆነ የሣር ገፈራው በደኅና እንደ ቆየ ይቆጠራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ማንኛውም መኖ ሲመረመር ውሃው እንዲለይ በምድጃ ይደርቃል። ገፈራ ግን ሲሞቅ የሚተነው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣዎቹ አሲዶችና አሞኒያውም አብረው ይበራሉ። ከምድጃው የወጣው ደረቅ ናሙና በሚዛን ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ናይትሮጅኑም በደረቁ ላይ ከተለካ ከፊሉ አምልጧል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ናይትሮጅኑን በእርጥቡ ይለካል፤ ለደረቁም ክብደት ማስተካከያ ያደርግለታል።

ቪርታነን መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የተክሉ መተንፈስ፣ የፕሮቲኑ መቆራረጥና የክፉዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ ሁሉም የሚቆሙበት አንድ የኮምጣጣነት ልክ አለን? በላቦራቶሪ ደጋግሞ ሲመረምር መልሱ አለ የሚል ሆነ። ፒ ኤቹ ከ4 በታች ሲወርድ ጥፋቱ ሁሉ እጅግ ይደክማል ወይም ይቆማል። ከ3 በታች መውረድ ግን ለከብቱም ለመኖውም አይጠቅምም። እንግዲህ ባክቴሪያዎቹ አሲዱን እስኪሠሩ ድረስ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ሣሩ ወደ ጉድጓድ ሲገባ ወዲያው የተመጠነ አሲድ ቢረጭበት በዚያው ሰዓት ፒ ኤቹ ከ4 በታች ይሆናል፤ ክፉው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሩ ይዘጋበታል። ለዚህም በውሃ የቀጠነ የሃይድሮክሎሪክና የሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ መረጠ። ዘዴው በስሙ መነሻ ፊደላት አ.ኢ.ቪ. ተብሎ ከ1928 እና ከ1929 ጀምሮ ወደ ገበሬው ማሳ ወጣ።

ይህን ስንጽፈው ቀላል ይመስላል። ገበሬው ግን ብረት የሚበላ፣ ልብስ የሚያቃጥል አሲድ ገዝቶ ለከብቱ ምግብ እንዲረጭ ሲነገረው ምን እንዳሰበ አንባቢ ይገምተው። ተቃውሞውም የመጣው ከገበሬው ብቻ አልነበረም፤ ከሊቃውንቱም መካከል ይህን ያህል አሲድ ያለበት መኖ የላሟን ደም ያኮመጥጣል፣ አጥንቷንም ያደክማል የሚሉ ነበሩ። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አልነበረም። ቪርታነንም ጥርጣሬውን በክርክር ብቻ ለመመለስ አልሞከረም። ላሞች መኖውን እንዲበሉ፣ ወተታቸው እንዲለካ፣ ቅቤያቸው እንዲመረመር አደረገ፤ የአሲዱን ኃይል ለማብረድም የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሶዳ ከመኖው ጋራ እንዲሰጥ ተመከረ። በተገቢው መጠን የተቀለቡት ላሞች ጤናቸውን ጠበቁ። በበረዶው ወር የተናጠው ቅቤ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ይህም ካሮቲኑ በጉድጓዱ ውስጥ ሳይጠፋ የመቆየቱ ምልክት ነበር። ቁጥሩ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ፣ ቅቤው በገበያ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ።

የቫሊዮ ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብሎ የሚመለከት አልነበረም። ማኅበሩ ከቅቤ ሌላ ኤመንታል የተባለውን ትላልቅ ቀዳዳ ያለበት ፎርማጆ ይሠራ ነበር። በተበላሸ ገፈራ ውስጥ የሚራቡት የቡቲሪክ ባክቴሪያዎች ዘር ከመኖው ወደ እበቱ፣ ከእበቱ ወደ ጡቱና ወደ ወተቱ ይሻገራል። ወተቱን ማሞቅ አይገድለውም። ፎርማጆው በመጋዘን ተቀምጦ በሚበስልበት ወራት ባክቴሪያው ተነሥቶ ጋዝ ይሠራል፤ ፎርማጆውም ተነፍቶ ይሰነጠቃል፤ የወራት ድካምና ገንዘብ ይጠፋል። የስዊስ ሰዎች ይህን ፈርተው ለኤመንታል የሚሆነውን ወተት የምትሰጥ ላም ገፈራ እንዳትቀምስ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ያበላሸው ጉድጓድ የጎረቤቶቹን ሁሉ ወተት ሊያበላሽ ይችላል፤ ወተቱ በአንድ ጋን ይገናኛልና። በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የመኖ ምርመራ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ግን የሚመረምረው የቀረበለትን ብቻ ነው። የገፈራ ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይና ከዳር አየር ይገባውና ይሻግታል፤ መካከሉ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ በታች ደግሞ ጭማቂው ይጠራቀማል። በአንድ ቀን የታጨደው ማገጥ ከሳምንት በኋላ ከታጨደው ሣር ጋራ በአንድ ጉድጓድ ይደራረባል። ከፊቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ የላከ ገበሬ ስለዚያች እፍኝ መልስ ያገኛል፤ ስለ ጉድጓዱ ግን ምንም አላወቀም። ትክክለኛው ሥራ ከብዙ ስፍራ፣ ከጥልቀቱም ጭምር ወስዶ፣ አንድ ላይ አደባልቆ፣ ከዚያ ከፍሎ መውሰድ ነው። የተወሰደውም ናሙና አየሩ ተጨምቆ ወጥቶለት፣ በብርድ ተይዞ ቶሎ ካልደረሰ በመንገድ ላይ እንደ ገና ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ላቦራቶሪውም በመንገድ የሆነውን በጉድጓድ የሆነ አስመስሎ ይጽፋል። አንድ ናሙና ለሁለት ተከፍሎ ያለ ስም ሁለት ጊዜ ቢመረመር፣ ወይም ለሁለት ላቦራቶሪዎች ቢላክና መልሶቹ ቢራራቁ፣ ከሁለቱ መካከል የወደዱትን መርጦ መጻፍ ሳይሆን የልዩነቱን ምክንያት መፈለግ ይገባል። ይህን ምስጢር አድርገው የሚይዙት አንዳንድ ሰዎች አሉ፤ ምስጢር ግን አይደለም።

የአሲዱ መጠን ራሱ በምርመራ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሣር ብቻ የሆነ መኖ ጥቂት አሲድ ይበቃዋል፤ ማገጥ የበዛበት ግን አሲዱን ስለሚውጥ የበለጠ ይፈልጋል። ለሁሉም አንድ መጠን ቢታዘዝ ወይ ገንዘብ ይባክናል፣ ወይ መኖው ይበሰብሳል። ከጉድጓዱ የወጣውን ጭማቂ ቀለሙ በሚለዋወጥ ፈሳሽ ወይም ወረቀት በመንካት ፒ ኤቹን በግምት ማወቅ ስለሚቻል፣ ከቪርታነን ምርምር የወጣው ቁጥር 4 በገበሬ እጅ ሊገባ የሚችል ቁጥር ሆነ። በኔ አስተያየት የሰውየው ትልቅነት ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚህ ነው።

በ1931 ዓ.ም. በሔልሲንኪ የባዮኬሚስትሪ ምርምር ተቋም ዲሬክተር ሆነ፤ በዚያው ዓመት በቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። በ1933 ከሔልሲንኪ አጠገብ የእርሻ መሬት ገዝቶ በላቦራቶሪ ያገኘውን በገዛ ማሳውና በገዛ ላሞቹ ይፈትን ነበር። ሐሳቡ አንድ ነበረ፤ እርሻው ከውጭ አገር ማዳበሪያም ፋጉሎም ሳይገዛ፣ የጥራጥሬ ወገን ተክሎች ከአየር በሚሰበስቡት ናይትሮጅን ራሱን ይችል ዘንድ ፈለገ።

ስለዚህም ከመኖው ጋራ አያይዞ የእነዚህን ተክሎች ሥር ያጠና ጀመር። በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ያለው፣ የደማችንን ቀይ ቀለም የሚመስለው ነገር ናይትሮጅን ከመሰብሰቡ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ካሳዩት አንዱ ነው። በዚህ ምርምር ግን ሁሉም አልተሳካለትም፤ የአንድን ሊቅ ታሪክ ስንጽፍ ይህን መደበቅ አይገባም። ጥራጥሬዎቹ ከሥራቸው ናይትሮጅን ወደ አፈር ያፈስሳሉ፣ አጠገባቸው የተዘራው እህልም ይመገበዋል ሲል ያወጣውን ውጤት በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን የሚገኙ ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ብዙ ጊዜ አልወጣላቸውም። የሰሜኑ በጋ ብርሃንና ሙቀት ከሌላው አገር የተለየ መሆኑ እንደ አንድ ምክንያት ተቆጠረ። ናይትሮጅኑ በተክሉ ውስጥ ስለሚለወጥበት መንገድ ያቀረበው አሳብም በኋላ ክብደቱ በተለየ ናይትሮጅን ሲፈተን አልጸናም፤ መጀመሪያ የሚገኘው አሞኒያ ሆነ። ለመኖው ዘዴ ያቆመው ፈተና፣ ማለትም ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ ሲደግመው ያው መውጣቱ፣ እዚህ ላይ በራሱ ላይ ፈረደበት።

ከ1939 መጨረሻ ጀምሮ ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋራ ሁለት ጊዜ ተዋጋች። የተማረባት የቪፑሪ ከተማም ለሶቪየት ኅብረት ተሰጠች፤ ነዋሪዎቿም ተሰደዱ። ከውጭ የሚመጣው መኖ ሲቋረጥ በራስ ማሳ የበቀለ ፕሮቲን በጉድጓድ ያለው ገበሬ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ለመረዳት አያዳግትም። ጦርነቱ አልፎ፣ አገሩ ካሣ እየከፈለ፣ ሕዝቡም በራሽን በሚኖርበት በ1945 ታኅሣሥ የባቡር ነጂው ልጅ በስቶክሆልም ሽልማቱን ተቀብሎ ስለ ናይትሮጅንና ስለ መኖ ጥበቃ ንግግር አደረገ። ኦቶ ሐን ግን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ታስሮ ስለ ነበር ሊገኝ አልቻለም።

ከ1948 እስከ 1963 ቪርታነን የፊንላንድ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። በስተርጅናው ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ሥራ ያዘ። ላም በጨጓራዋ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ከአሞኒያ ፕሮቲን መሥራት የሚችሉ ከሆነ፣ ያለ አንዳች የተፈጥሮ ፕሮቲን በዩሪያና በአሞኒያ ጨው ብቻ ብትመገብ ወተት ትሰጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ላሞቹን በዝግታ እያለማመደ በ1960ዎቹ ዓመታት ወተት እንደሚሰጡ አሳየ። ቀድሞ አሞኒያን በገፈራ ውስጥ የጥፋት ምልክት አድርጎ ሲያሳድድ የኖረው ሰው አሁን በልኩና በስፍራው ሲሆን ያው አሞኒያ ወተት ሲሆን አየ።

ዘዴው ራሱ እርሱ እንደ ተወው አልቀረም። ሁለቱ ብርቱ አሲዶች ለሠራተኛው አደገኛ፣ ለብረትና ለሲሚንቶም አጥፊ ስለ ነበሩ ቀስ በቀስ ስፍራቸውን ለፎርሚክ አሲድ ለቀቁ። ይህም ጉንዳን ሲነድፍ የሚያቃጥለን አሲድ ነው። ለሰው እርሱም ቢሆን ጓንትና ጥንቃቄ ይፈልጋል። በላቦራቶሪውም በኩል ዛሬ ናሙናውን በማይታይ የብርሃን ጨረር መትቶ በጥቂት ደቂቃ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ግን በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ መጀመሪያ በኬልዳል ዘዴና በሌሎቹ ዘገምተኛ ምርመራዎች በተመረመሩ ብዙ ናሙናዎች ይለማመዳል። የተለማመደው በሰሜን አውሮፓ ሣር ከሆነ ስለ ሌላ አገር ተክል የሚሰጠው ቁጥር ያምራል እንጂ አይታመንም።

አርቱሪ ቪርታነን ኖቬምበር 11 ቀን 1973 በሔልሲንኪ ዐረፈ፤ ዕድሜው ሰባ ስምንት ነበር። ወጣት ሳለ የተቀጠረበት የቫሊዮ ማኅበር ገበሬዎች ከጉድጓዳቸው የሚልኩትን ገፈራ የሚመረምርበትን አገልግሎት አርቱሪ ብሎ በስሙ ጠርቶታል።